ከአገሯ ለወጣች ሴት የጤናን በር የሚከፍትላት ምንድን ነው?

ሰው ተወልዶ ካደገበት ቀዬ ወጥቶ ወደ ሌላ ስፍራ በሚሄድበት ጊዜ ትቶት የሚሄደው ቤቱንና ዘመዱን ብቻ አይደለም። የለመደውን መንገድ፣ የሚያውቁትን ሰዎች፣ በታመመም ጊዜ «ወዴት ልሂድ? ማንን ልጥራ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልሱለትን ሁሉ ትቶ ይሄዳል። ይህ ችግር በወንድም በሴትም ላይ የሚደርስ ቢሆንም በሴት ላይ ግን ይበረታል፤ ሴት ትፀንሳለችና፣ ትወልዳለችና፣ ታጠባለችና። ወንድ በጕልማሳነቱ ዘመን ሐኪም ሳያይ ብዙ ዓመት ሊኖር ይችል ይሆናል፤ ሴት ግን ሳትታመም እንኳ ሐኪም የሚያስፈልጋት ወራት አላት። ስለዚህ ዛሬ በአንባቢዎቻችን ፊት ልናቀርበው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከአገሯ ወጥታ በእንግድነት የምትኖር ሴት የመጀመሪያውን ደረጃ ሕክምና ለማግኘት የሚረዳት ምንድን ነው?

ጥያቄውን በሩቅ አገር ምሳሌ ከመመለስ ይልቅ በአገራችን በአርሲ ደጋ ላይ ቆመን ብንመረምረው ይሻላል። አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርሷ ወደ ደቡብ በሳጉሬ አልፎ ወደ በቆጂ የሚወስደው መንገድ ሁለቱም ወገኑ የስንዴና የገብስ እርሻ ነው። አርሲን ብዙ ሰው የሚያውቃት በእህሏና በሯጮቿ ነው፤ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ወርቅ ያጠለቀችው ደራርቱ ቱሉ የበቆጂ አካባቢ ልጅ ናትና። ነገር ግን አርሲ ሌላም የምትልከው አላት። ልጆቿን፣ ይልቁንም ሴቶች ልጆቿን፣ ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ትልካለች። ወደ አሰላም ከየገጠሩና ከሌላ አውራጃ ሴቶች ለእንጀራ ይመጣሉ። እንግዲህ በዚህች አገር «እንግዳ» የምንላት ሴት አንዲት አይደለችም፤ ሦስት ናት።

የመጀመሪያይቱ እንግዳ ሙሽራይቱ ናት። በአርሲ ኦሮሞ ልማድ ሰው ከራሱ ጎሣ አያገባምና ልጃገረዲቱ ወደ ባሏ አገር ትሄዳለች። በሄደችበት ስፍራ ምንም እንኳ ቋንቋው ያው ቢሆን እናቷ፣ እኅቷ፣ የልጅነት ባልንጀራዋ በአጠገቧ አይገኙም። የአርሲ አባቶችና እናቶች ይህን ብቸኝነት አስቀድመው አይተውታል። በሠርጓ ቀን እናት ለልጇ ሲንቄ የሚባለውን ዘንግ ትሰጣታለች፤ ዘንጉም የክብሯና የመጠበቂያዋ ምልክት ነው። በደል የደረሰባት እንደ ሆነ ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮኻለች፤ የመንደሩም ሴቶች የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው ይሰበሰባሉ፤ በዳዩም በሽማግሌ ፊት እስኪካስና ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። የወለደችውማ ሴት በግንባሯ ላይ ቀነፋ የሚባለውን ጌጥ በምታስርበት ወራት ይበልጥ የተከበረች ናት፤ እርሷን መምታትም ሆነ መስደብ ትልቅ ነውር ነው። ለዚህች እንግዳ እንግዲህ አገሩ ሕግ ሠርቶላታል።

ሁለተኛይቱ እንግዳ በአሰላ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ናት። ብዙ ጊዜ ዕድሜዋ ገና ለጋ ነው፤ ከገጠር ወይም ከሌላ አውራጃ መጥታለች፤ አንዳንዷም የከተማውን ቋንቋ አጥርታ አትናገርም። ሌሊት ተነሥታ ማታ እስክትተኛ ድረስ ጊዜዋ የእርሷ አይደለም። ሲንቄ ይዘው የሚሰበሰቡላት ሴቶች የሉአትም።

ሦስተኛይቱ እንግዳ ባሕር ተሻግራ ወደ ዐረብ አገር የሄደችውና ከዚያም የተመለሰችው ናት። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ለሥራ ወደነዚያ አገሮች መሄድን ለጊዜው አግዶ ነበር። በኅዳርም የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት በጀመረ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሥቶ፣ መንገዱ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 እና እርሱን ባሻሻለው አዋጅ እንዲመራ ተደርጓል። አዋጅ ግን ብቻውን ሰውን አይጠብቅም። ሴቲቱ በምትሠራበት ቤት ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ከሆነ፣ ወደ ሐኪም ለመሄድ የእርሱ ፈቃድ ያስፈልጋታል፤ ከቤቱ ሸሽታ የወጣች እንደ ሆነ ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላት የሐኪም ቤቱን ደጅ ትፈራዋለች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ይህች ሴት ግን በሽታዋን የምትሸሽገው ወድዳ ሳይሆን ተገድዳ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «እነዚህ ሴቶች ወደ ሕክምና የማይመጡት ባለማወቅ ነው፤ ልማድ ይዟቸው ነው» ሲሉ ይሰማሉ። ይህ ነገር ከፊሉ እውነት ቢሆንም ትልቁን እውነት ይሸፍናል። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ወሊዶች በጤና ድርጅት የተፈጸሙት 5 ብቻ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. 26 ሆኑ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 48 ደረሱ። በሃያ ዓመት ውስጥ የእናቶቻችን ልማድ ከሥሩ ተነቅሎ አልጠፋም፤ ገንፎውም ቡናውም ምርቃቱም አለ። የተለወጠው የበሩ ርቀትና በበሩ ላይ የምትቀበላት ሰው ናት። ስለዚህ «ለምን አትመጣም?» ብለን ሴቲቱን ከመውቀሳችን በፊት «በሩ ለእርሷ ክፍት ነውን?» ብለን ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል።

የሕክምና ሊቃውንት እናት የምትሞትበትን ምክንያት ሲመረምሩ ሦስት መዘግየቶችን ለይተው ያስቀምጣሉ። ይህንም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. ታዴዎስና ሜይን የተባሉ ሁለት ሴቶች ተመራማሪዎች ገልጸው ጽፈውታል። የመጀመሪያው ለመሄድ በመቍረጥ መዘግየት ነው፤ ሁለተኛው በመንገድ መዘግየት ነው፤ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት መዘግየት ነው። እነዚህ ሦስቱ በማንኛዋም ሴት ላይ ይደርሳሉ፤ በእንግዳይቱ ላይ ግን እጥፍ ይሆናሉ። የሚመክራት ዘመድ ስለሌላት ለመቍረጥ ትዘገያለች፤ የሚሸከማትና የሚከፍልላት ስለሌላት በመንገድ ትዘገያለች፤ የሚናገርላት ስለሌላት ደርሳም ትዘገያለች። እንግዲህ የሚረዳትን ነገር በዚሁ ቅደም ተከተል እንመልከት።

ለመቍረጥ የሚረዳት ከሁሉ በፊት የምታውቃትና የምታምናት ሴት ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. በአልማ አታ የተሰበሰቡ መንግሥታት የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ጥበቃ ሰው በሚኖርበትና በሚሠራበት ስፍራ አጠገብ ሊገኝ ይገባዋል ብለው ነበር። በአገራችን ይህ ሐሳብ ሥጋ የለበሰው ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተተከለው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ልጃገረዶች ከየቀበሌያቸው ተመርጠው አንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ 5 ሺህ ያህል ሰው በሚኖርበት ቀበሌም ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ ቍጥራቸውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። የዚህ ሥራ ብልሃቱ ከመድኃኒቱ ይልቅ በምርጫው ላይ ነው። ሠራተኛዋ ሴት ናት፤ የአገሩ ልጅ ናት፤ ቋንቋውን ትናገራለች፤ ታማሚው እስኪመጣ ሳትጠብቅ እርሷ ወደ ቤቱ ትሄዳለች። የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ ነው።

በከተማ ግን ይህ ብልሃት አንድ ጎዶሎ አለበት። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በከተሞች ነርሶች በዚሁ ሥራ ተሰማርተው ቤት ለቤት ይዞራሉ። አንዲቱ ነርስ በአሰላ የአንድ ግቢ በር ብትመታ የምትወጣላት እመቤቲቱ ናት። ስለ ባሏና ስለ ልጆቿ ጤና ትጠየቃለች፤ ይጻፋልም። በማጀት ያለችው ልጅ ግን ሳትጠየቅ፣ ሳትጻፍም ልትቀር ትችላለች፤ የቤቱ ዘመድ አይደለችምና። ስለዚህ የመጀመሪያው ርዳታ ቀላል ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም። ይኸውም በየቤቱ ሲጠየቅ «በዚህ ቤት ውስጥ የሚያድሩ ሴቶች ስንት ናቸው?» ብሎ መጠየቅና ሠራተኛዪቱን ለብቻዋ አነጋግሮ በመዝገብ ማስፈር ነው። ያልተቈጠረ ሰው አይታከምም።

ሁለተኛው ረዳት ጓደኝነት ነው። በኔፓል ተራሮች፣ ማክዋንፑር በተባለ አውራጃ፣ የመንደር ሴቶች በየወሩ ተሰብስበው ስለ እርግዝናና ስለ ወሊድ እየተወያዩ መፍትሔውን ራሳቸው እንዲፈልጉ ተደርጎ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ ማኅበር በነበረባቸው መንደሮች በተወለዱ በአንድ ወር ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ማኅበር ካልነበረባቸው ጋር ሲነጻጸሩ በ30 በመቶ ያህል አንሰዋል። ለአርሲ ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ለተበደለች እናት ዘንግ ይዘው የሚወጡ ሴቶች፣ ምጥ ለያዛትም እናት ሊወጡ ይችላሉ። በየጤና ጣቢያው የሚደረገው የነፍሰ ጡሮች ስብሰባ በሲንቄ እናቶች ቢመራ፣ አዲስ የመጣችውንም ሙሽራ ከደጃቸው ጠርተው ቢያስገቧት፣ ምክሩ ከሐኪም ብቻ ከሚመጣው ይልቅ ጆሮዋ ይገባል። ይህን ስንል ግን የሲንቄ እናቶች ቋንቋቸውና ጎሣቸው ሌላ የሆነውን ሴት ደግሞ እንዲያስቡ እንለምናለን። ዘንጉ የተሰጠው ክብርን ለመጠበቅ ነውና፣ ክብርም የአንድ ጎሣ ሴት ሀብት ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው የቋንቋ ነገር ነው። የአርሲ ገጠር ሴት አፋን ኦሮሞ ትናገራለች፤ ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ አማርኛ ይጠብቃታል። ከሌላ አውራጃ ወደ አሰላ የመጣችውም ሁለቱንም ላታውቅ ትችላለች። ሕመም ግን በእናት ቋንቋ ካልተነገረ ግማሹ ይቀራል። «ሆዴን ያመኛል» የምትል ሴት ምናልባት የምትለው ስለ ማሕፀኗ ይሆናል፤ የሚያስተረጕምላት አሠሪዋ ወይም ባሏ ከሆነ ደግሞ እውነተኛውን ነገር በፊቱ አትናገረውም። ስለዚህ በየጤና ጣቢያው ከሠራተኞች መካከል ማን ምን ቋንቋ እንደሚናገር ተጽፎ በግልጽ ቢለጠፍ፣ ሴቲቱንም ያለ አስከታይዋ ለጥቂት ደቂቃ ማነጋገር ልማድ ቢሆን፣ ብዙ ስሕተት ይቀራል።

ወደ ሁለተኛው መዘግየት ስንሻገር መንገድና ገንዘብ ይገጥሙናል። በክረምት የአርሲ ጥቍር አፈር ጭቃ ሲሆን መኪናም በቅሎም ይይዛል። በቃሬዛ መሸከም የጎረቤት ሥራ ነው፤ ጎረቤት የሌላት ሴት ማን ይሸከማታል? ለዚህ ጥሩ መድኃኒት ሆኖ የተገኘው በጤና ጣቢያዎች ግቢ የሚሠራው የእናቶች ማቆያ ቤት ነው። ቤቷ የራቀ ነፍሰ ጡር ቀኗ ሲቀርብ አስቀድማ መጥታ በዚያ ትሰነብታለች። ማቆያው ምድጃ ቢኖረው፣ ገንፎ የሚገነፋበትና ቡና የሚፈላበት ቢሆን፣ እንግዳይቱ እንደ ቤቷ ታየዋለች፤ ባዶ አልጋ ብቻ ከሆነ ግን ትሸሸዋለች።

ስለ ገንዘብ ብዙ ሴቶች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል፣ ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባትና የቤተ ሰብ ምጣኔ ያለ ክፍያ የሚሰጡ ናቸው። «ገንዘብ የለኝም» ብላ በጓዳ የምትወልድ ሠራተኛ ይህን የነገራት ስለሌለ ነው። ለሌላው ሕመም ደግሞ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋው የማኅበረሰብ ጤና መድኅን አለ። ነገር ግን ይህ መድኅን የሚመዘገበው በቤተ ሰብና በቀበሌ ነው። ልጅቱ በአባቷ ደብተር ላይ በገጠር ተጽፋ ሳለ በአሰላ ብትታመም፣ ደብተሩ በዚያ፣ ሕመሙ በዚህ ይሆናል። የወረዳና የከተማ ሹማምንት ተነጋግረው፣ ለሥራ የወጣች ልጅ በደረሰችበት ስፍራ መድኅኗ ተከትሏት የሚሄድበትን መንገድ ቢያበጁላት ትልቅ በጎ ሥራ ይሆናል።

ከገንዘብም የሚከብድ ጊዜ ነው። በአሰላ ብቅል ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ብትወልድ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል። ከፋብሪካው አጥር ማዶ በሰው ቤት የምትሠራው ግን በዚህ አዋጅ አትታቀፍም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአሠሪው ቤት የሚኖረውን ሠራተኛ ነገር ለአሠሪው ኅሊና ይተወዋል። እንግዲህ እመቤት ሆይ፣ ጌታ ሆይ፣ ሕጉ ጉዳዩን ለእናንተ ኅሊና የተወው ኅሊና ይኖራችኋል ብሎ አምኖ ነው። ልጅቱ በወር አንድ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድ እንጀራው ሳይጋገር አይቀርም፤ አንድ ቀን ቢቀርም እንኳ ከአንዲት ነፍስ አይበልጥም። ይህን የምንለው ኅሊና ሕግን ይተካል ብለን አይደለም፤ ለቤት ሠራተኛ የተለየ ደንብ ሊወጣ ይገባል። ነገር ግን ደንቡ እስኪወጣ ድረስ የታመመች ልጅ ልትጠብቅ አትችልም።

ሦስተኛው መዘግየት በሐኪም ቤቱ ውስጥ ያለው ነው። እንግዳይቱ ከብዙ ድካም በኋላ ደርሳ በስድብ ወይም በንቀት ከተቀበሏት ሁለተኛ አትመለስም፤ ለባልንጀሮቿም «አትሂዱ» ትላለች። ይህ ነገር ይልቁንም ከዐረብ አገር ለተመለሰችው ይሠራል። ከእርሷ መካከል አንዳንዲቱ በአካሏ ላይ ጠባሳ፣ በመንፈሷ ላይ ሽብር ይዛ ትመለሳለች፤ አንዳንዲቱም ፀንሳ ትመለሳለች። ቤተ ሰቧ የጠበቀው ገንዘብና ሻንጣ ነበርና ባዶ እጇን ስትገባ ታፍራለች። እንዲህ ያለችውን ሴት በወረፋ መካከል ድምፅን ከፍ አድርጎ «ምን ሆነሽ ነው? ልጁ የማን ነው?» ማለት በሩን በፊቷ መዝጋት ነው። ምስጢርን መጠበቅ፣ ለብቻ ማነጋገር፣ የመንፈስንም ሕመም እንደ ሌላው ሕመም ቈጥሮ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወዳለው ወደ አሰላ ሪፈራል ሆስፒታል መምራት፣ እነዚህ ናቸው መልሰው የሚያቆሟት።

ከመሄዷም በፊት የሚደረግ ብዙ አለ። ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ ሴት ሁሉ በሐኪም ትመረመራለች። ይህ ምርመራ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው «ለሥራ ትሆናለችን?» ብሎ ነው፤ «ለራሷ ደኅና ናትን?» ብሎ አይደለም። የማትሆን ከተባለች ፊቷን አዙራ ትሄዳለች እንጂ ሕክምና ወዴት እንደምታገኝ የሚነግራት ከሌለ ምርመራው ምን ጠቀማት? በአርሲ ወረዳዎች ያሉ ጤና ጣቢያዎች ለምትሄደው ልጅ ውጤቷን በጽሑፍ ቢሰጧት፣ በጉዞ ቅድሚያ በሚሰጠው ትምህርት ላይም ሕመምን በዐረብኛ የምትገልጽባቸው ጥቂት ቃላትና የቈንስላውን ስልክ ቢያስጠኗት፣ ከሻንጣዋ ሁሉ የሚከብድ ስንቅ ይሆናታል።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ከላይ የዘረዘርናቸውን ሁሉ ብታስተውሉ ብዙዎቹ አዲስ ሕንፃና አዲስ መሣሪያ የሚጠይቁ አይደሉም። መቍጠር፣ ለብቻ ማነጋገር፣ በቋንቋዋ መስማት፣ ያለ ክፍያ የሚሰጠውን መንገር፣ አንድ ቀን መፍቀድ፣ ምስጢር መጠበቅ፤ እነዚህ ሁሉ በእጃችን ያሉ ነገሮች ናቸው። ሕንፃና መድኃኒት ለሁሉም የሚጠቅም ቢሆንም፣ በሩን ለእንግዳይቱ የሚከፍተው ሰው ነው። የአርሲ እናት ልጇን ለባዕድ ቤት ስትሰጥ ዘንግ አስይዛ ልካታለች። እኛም ልጆቻችን ወደ አሰላ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጅዳና ወደ ቤይሩት ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን ልንልካቸው አይገባንም። በሰው አገር ያለች ሴት በታመመች ጊዜ «ወዴት ልሂድ?» ብላ ስትጠይቅ መልሱን አስቀድመን አስይዘን እንላካት፤ ወደ እኛ የመጣችውም ስትጠይቅ መልሱ እኛው እንሁንላት።